«አንተ የፈለግኸው ይሁን»

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ አንድ ቀን ስለ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የተወለድሁት ሸዋ ሮቢት ሲሆን የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ አክስቴ ቤት ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በፊት በጓደኛዬ ሠርግ ላይ እኔ የሙሽራዋ፣ የወንድ ጓደኛዬ ደግሞ የሙሽራው ሚዜ ሆነን ተዋወቅን። መጀመሪያ በቴሌግራም እንጻጻፍ ነበር፤ ኋላ በየቅዳሜው መገናኘት ጀመርን። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነው። ያከብረኛል፣ ቤተሰቡን ይረዳል፣ ሥራውን ይወዳል። እኔም እወደዋለሁ።

ችግሬ ትንሽ ነው ብለው እንዳይንቁብኝ እፈራለሁ። ቅዳሜ ስንገናኝ የሚወስደኝ ሥጋ ቤት ነው። እኔ ጥሬ ሥጋ አልወድም፤ እፈራዋለሁም። የመጀመሪያው ቀን ‹ቁርጥ ትወጃለሽ አይደል?› ሲለኝ ‹አዎ› አልሁት። ከዚያ ወዲህ ‹ምን ይምጣ?› ሲለኝ ‹አንተ የፈለግኸው ይሁን› እላለሁ። በአዋዜ ነክሮ ሲያጎርሰኝ ሳላኝክ እውጠዋለሁ። ከዚያ ሙዚቃ ወዳለበት ቤት እንሄዳለን፤ ጩኸቱ ራሴን ያመኛል፤ ‹ደስ አይልም?› ሲለኝ ‹በጣም› እላለሁ። እሑድ የእንግሊዝ ኳስ አብሬው አያለሁ። ማታ ማታ ቤት ከአክስቴ ጋር የቱርክ ተከታታይ ድራማ አያለሁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን ‹ይህን የሚያይ ሰው ሥራ ፈት ነው፤ ባህላችንን የሚያጠፋው ይኸው ነው› ሲል ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። አንድ ጊዜ ሒሳቡን ልክፈል ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ‹ወንድ ባለበት?› ብሎ እጄን መለሰው፤ ሁለተኛ አልሞከርሁም።

አሁን ዐቢይ ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤት አንሄድም። እውነቱን ልንገርዎት፤ ጾሙ ሲገባ እፎይ አልሁ። እፎይ ያልሁት ስለ ጾሙ ሳይሆን ስለ ቅዳሜው መሆኑን ሳስተውል ደነገጥሁ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብሎኛል። ለጓደኛዬ ብነግራት ‹ሁሉ ነገሩ የተሟላ ሰው አግኝተሽ በሥጋና በፊልም ትጨነቂያለሽ?› አለችኝ። እኔ ግን ሊያገባት ያሰባት ልጅ እኔ አልመስል እያለኝ ሌሊት እነቃለሁ። አሁን ብነግረው ውሸታም አይለኝም? ቢቀየመኝስ? ዝም ብዬ ብለምደውስ?

አ. ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን።»

መልስ

ልጄ አ.፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አልናቅሁብሽም። «ጾሙ ሲገባ እፎይ አልሁ» ያልሽበት ቦታ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ብዙ አሰብሁ። የምትወጂውን ሰው የምታገኚበት ቀን መጾም በመቻልሽ ብቻ የሚቀልልሽ ከሆነ፣ ነገሩ የሥጋ ነገር አይደለም፤ አንቺም ይህን ስለ ገባሽ ነው የደነገጥሽው።

ከጓደኛሽ ልጀምር። ክፉ አላሰበችም፤ ነገር ግን አልስማማም። ሰው ሲጋባ ስለ ቤት መሥራት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ወላጅ ጡረታ የሚመካከረው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። «ምን እንብላ»፣ «የት እንውጣ»፣ «ምን እንይ»፣ «ማን ይጠራ»፣ «ድምፁን ቀንሺው» የሚባለው ግን በየቀኑ ነው። ስለ ምግብና ስለ ጨዋታ ያለን አስተያየት ትንሽ የሚመስለው አንድ በአንድ ሲታይ ነው። በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ስልሳ ያህል ቅዳሜ አለ። በቴሌግራም ብቻ የተጻጻፋችሁበትን፣ ጾሙንና በሥራ ያልተገናኛችሁበትን ቀንሽለት፤ የቀረው ሁሉ ሳታኝኪ የዋጥሽው ነው። ይህ ትንሽ አይደለም።

ጥፋቱን ግን እሱ ላይ እንዳትጭኚው። ጠይቆሻል፤ መልሰሻል። «ቁርጥ ትወጃለሽ አይደል?» ሲል ልብሽን የሚያይበት መስኮት የለውም። እስካሁን ድረስ እሱ የሚያውቀው ቁርጥ የምትወድ፣ ጭፈራ የሚያስደስታት፣ ኳስ የምታይና ድራማ የምትንቅ ልጅ ነው። ያቺን ልጅ ያመጣሽለት አንቺ ነሽ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ ሳይሆን፣ ያመጣሻት አንቺ ከሆንሽ የምትመልሻትም አንቺ ስለሆንሽ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ይሉኝታ ነው። እኛ አገር ልጅ ሲያድግ፣ ሴት ልጅ ደግሞ በተለይ፣ ሰው ቤት ስትሄድ ሳይበቃት «በቃኝ» ማለትን፣ ሳትፈልግ ደግሞ «እሺ» ማለትን ትማራለች። የቤቱ ባለቤት «በሞቴ» ይላል፣ እንግዳዋ ትግደረደራለች፣ እንደገና «አፈር ስሆን» ይባላል፣ በመጨረሻ ትበላለች። ይህ ለእንግድነት ደስ የሚል ወግ ነው፤ እኔም አልተወውም። የምንሳሳተው ለግማሽ ቀን እንግድነት የተበጀውን ወግ ይዘን ዕድሜ ልክ አብረን ወደምንኖረው ሰው ስንሄድ ነው። እዚህ ላይ ለወንዱም አንድ ነገር አለኝ። እሱም የዚህ አገር ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው «እሺ» ብዙ ጊዜ የጨዋነት «እሺ» መሆኑን ከእናቱ ቤት ጀምሮ ያውቀዋል። አንድ ዓመት ሙሉ «አንተ የፈለግኸው ይሁን» የምትል ልጅ ፊቱ ተቀምጣ፣ አንድ ቀን «እኔ የምፈልገውን ተይው፤ አንቺስ?» ብሎ ደግሞ መጠየቅ ነበረበት።

ስለ ጥሬ ሥጋ መፍራትሽ አታፍሪ። ቁርጥ የሸዋ ክብር ነው፤ በሠርግም በፋሲካም ሲቀርብ የሚወደው ሰው ፊቱ ሲበራ አይቻለሁ፤ ደስታውን ማንም ሊነሣው አይገባም። ነገር ግን የኮሶ ትል ከጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚመጣ አያቶቻችንም ያውቁ ነበር። ስለዚህ ነው የኮሶን አበባ አድርቀውና ወቅጠው በየጊዜው እየመረራቸው ይጠጡ የነበሩት። ሥጋውን ይወዱ ነበር፤ ዋጋውንም ይከፍሉ ነበር። በደንብ የበሰለ ሥጋ ትሉን አያስተላልፍም። አንቺ መድኃኒት ቤት ስለምትሠሪ፣ ከበዓል በኋላ በመስኮትሽ በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የትል መድኃኒት የሚጠይቀውን ሰው ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ «እፈራዋለሁ» ስትዪ ዘመናዊ ለመምሰል ወይም ባህል ለመናቅ አይደለም፤ የምታውቂውን ማለትሽ ነው። ደግሞም እዚያው ሥጋ ቤት ጥብስ አለ። ያው ሥጋ፣ ያው ሚዛን፣ ያው ጠረጴዛ፤ ለእሱ ቁርጥ፣ ለአንቺ በሽንኩርትና በቃሪያ ደህና አድርጎ የተጠበሰ። ይህን ለማዘዝ የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓመት ከሁለት ወር ጉሮሮሽ ላይ የቆመውም እሱ ነው።

አንድ ትሪ ላይ አብሮ መብላት ልማዳችን ስለሆነ ለየብቻ ማዘዝ መለያየት ይመስለናል። አሁን ጾም ነው፤ በዚህ ሳምንት አብራችሁ በየዓይነቱ ስትበሉ አንድ ነገር አስተውዪ። እንጀራው ላይ ሽሮው መሀል ፈስሷል፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ሰላጣው ዙሪያውን ተቀምጧል። እሱ ምናልባት ወደ ምስሩ ይሄዳል፤ አንቺ ወደ ጎመኑ። ማንም «ለምን ከዚያ በኩል አልበላሽም?» አይልም። እጃችሁ መሀል ላይ ሽሮው ጋ ይገናኛል። ሳትነጋገሩበት የየራሳችሁን ምርጫ ይዛችሁ ከአንድ ትሪ ስትበሉ ኖራችኋል ማለት ነው።

ስለ ሒሳቡ ደግሞ ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ወጣቶች የሚጽፉልኝ ስለዚህ ነው። «ወንድ ባለበት?» የሚለውን ቃል ከአባቶች የወረደ ሥርዓት አድርገው የሚያዩት ብዙ ናቸው። አይደለም። ምግብን ደጅ ወጥቶ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ራሱ ለእኛ የቅርብ ነገር ነው። ከእናንተ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ አንጎለላ የተወለዱት አጤ ምኒልክ ከባለቤታቸው ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ፣ የተሠራ ምግብ በገንዘብ መሸጥም ገዝቶ መብላትም ነውር ሆኖ ይታይ ነበር። መኳንንቱ ከፍለው መብላትን እንዲለምዱ ንጉሡ ራሳቸው ይዘዋቸው እየሄዱ አስለመዷቸው ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ ሒሳብ የሚባለው ነገር ዕድሜው ይህን ያህል ብቻ ከሆነ፣ «ሒሳብ የወንድ ነው» የሚለው ሕግ ከየት የመጣ ጥንታዊ ሕግ ሊሆን ይችላል? የእኛ የቆየው ሥርዓት ሌላ ነው፤ የጠራ ያበላል፤ ቀጥሎ ደግሞ የተጠራው ይጠራል። የጽዋ ማኅበር እንዲህ ነው፤ ዛሬ እነ እገሌ ቤት፣ በሚቀጥለው ወር እነ እገሊት ቤት፣ ተራው እየዞረ ሁሉም ይደግሳል። የቡና ጉርብትናም እንዲሁ ነው። ተራው የተዘለለ ሰው ተከበርሁ አይልም፤ ያዝንበታል እንጂ። ሁልጊዜ እየተጋበዘ የሚኖር ሰው ደግሞ፣ እንዳንቺ፣ ምግብ የመምረጥ መብቱንም ቀስ በቀስ ያጣዋል፤ ሰው በከፈለበት ማዕድ ላይ «ይህን አልወድም» ማለት ይከብደዋልና። አንቺ ላይ የደረሰው አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ እንደ ባለፈው ጊዜ ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ቦርሳ ለመክፈት አትታገዪ። በሰው ፊት ገንዘቡን መመለስ ለእሱም አጓጉል ነው። ከመገናኘታችሁ በፊት «በዚህ ቅዳሜ የምጋብዝህ እኔ ነኝ፤ ቦታውንም እኔ መርጫለሁ» በይው። ቀደም ብለሽ ድረሺና አስተናጋጇን «ሒሳቡን ለእኔ ነው የምታመጪልኝ» በያት። ደመወዝሽ የሚችለውን ቦታ ምረጪ፤ ሆቴል መሆን የለበትም። እናንተ ከተማ መንገድ ዳር ቄጠማ ጎዝጉዘው ጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ሞልተዋል። ሁለት ትንንሽ ዱካ፣ የከሰል እሳት፣ ፈንዲሻ። የደብረ ብርሃን ብርድ ላይ እሳቱ አጠገብ ጠጋ ብሎ ለመነጋገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ድምፅ ማጉያም የለም።

ድራማውን በተመለከተ የእሱን ሐሳብ አልንቀውም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሳይቀሩ የተከራከሩበት ነገር ነው። የአገር ውስጥ ሥራ ይዳከማል፣ የልጆች አስተሳሰብ ይለወጣል ብለው ከልባቸው የተጨነቁ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። እሱ ከእነዚያ አንዱ ቢሆን መብቱ ነው። በሌላ በኩል እሑድ እሑድ የእንግሊዝ ቡድን ሲያሸንፍ የሚጨፍር ሰው፣ የውጭ ነገር ማየት ባህል ያጠፋል ሲል ሁለቱን አብሮ ሊያስብባቸው ይገባል። ይህን ግን ልትረቺው ብለሽ አታንሺበት። ክርክር ስታሸንፊው ልብሽን አያውቅልሽም። እኔ ያሳዘነኝ የእሱ አስተያየት ሳይሆን የአንቺ ራስ መነቅነቅ ነው። «ሥራ ፈት» ሲል የሰደበው አንቺንና አክስትሽን ነው፤ እሱ ግን አላወቀም። ማታ ከሥራ መልስ፣ አክስትሽ ጋቢዋን ለብሳ፣ ሁለታችሁ አንድ ፍራሽ ላይ ሆናችሁ «ተው አትመናት!» እያላችሁ ለቴሌቪዥኑ ስትመክሩ ምን ያህል እንደሚያቀራርባችሁ አላየም። ቢያይ ያንን ቃል ደግሞ የሚናገረው አይመስለኝም። ቢናገረውም እንኳ ያን ጊዜ የሚናገረው አውቆ ነው፤ ያም ለአንቺ አንድ እውቀት ነው።

«ብለምደውስ?» ብለሻል። ሰው ይለምዳል። አንቺ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነሽ፤ ማንጎ በሚበስልበት ሙቀት ያደግሽ። ጣርማ በርን ወጥተሽ ደብረ ብርሃን ስትገቢ ብርዱ እንዴት አድርጎ እንደተቀበለሽ መገመት አያቅተኝም፤ ያ ከተማ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ዛሬ ለምደሽዋል። ግን እንዴት ለመድሽው? «በረደኝ» ብለሽ ነው። አክስትሽ ሰምታ ወፍራም ብርድ ልብስ ጨመረችልሽ፣ ጋቢ ደረብሽ፣ ጠዋት ትኩስ ነገር ጠጣሽ፣ ቀስ እያልሽ ለመድሽ። «አልበረደኝም» እያልሽ በነጠላ ብትንቀጠቀጪ ኖሮ የምትለምጂው ብርዱን ሳይሆን መታመምን ነበር። ኳሱንም ምናልባት ትወጂው ይሆናል፤ ሙዚቃውንም ድምፁ ቀነስ ካለ፤ ምናልባት ማሲንቆ ብቻ ያለበት ጸጥ ያለ ቤት ያገኝልሽ ይሆናል። እንዲያገኝልሽ ግን ራስሽን እንደሚያምሽ ማወቅ አለበት።

አሁን ስለ ራሴ የማላወራውን ነገር ልንገርሽ። እኔ አንኮበር አካባቢ ነው የተወለድሁት፤ እኛ ቤት ቡና በስኳር ነበር። ባለቤቴ የመንዝ ሰው ነው። ተጋብተን እናቱ ቤት ስንገባ ቡናው በጨው ሆነ፤ ጨው የሚጨመረውም ገና ጀበናው ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ስኒ አማቴ በእጃቸው ሰጡኝና «ይጣፍጣል?» አሉኝ። «በጣም» አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስኒዬን ይዤ ነፋስ ልቀበል የወጣሁ መስዬ ወደ ደጅ እወጣና በሩ አጠገብ ከበቀለው ጤና አዳም ሥር እደፋው ነበር። ጤና አዳሙን የተከሉት አማቴ ናቸው፤ ለቡናው የምንቀጥፈውም ከእሱ ነው። መጀመሪያ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ እየረገፈ ሄደ። አማቴ ውኃ ጨመሩለት፣ አመድ ነሰነሱለት፣ ዓይን በልቶት ይሆን ብለው ተጨነቁ። አንድ ቀን ጠዋት ሊኮተኩቱት ጎንበስ ሲሉ ሥሩ ላይ የደረቀ የቡና አተላ አዩ። በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

አልተቆጡም። «ዓመት ሙሉ በገዛ ቤትሽ እንግዳ ሆነሽ ኖርሽ?» ብቻ አሉኝ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያዘኑት በጨው አልነበረም፤ በጤና አዳሙም አልነበረም። እየወደዱኝ፣ እያጠጡኝ፣ እኔ ግን እንደማላምናቸው ስላወቁ ነው። እኔ ደግሞ እሳቸውን ላለማስቀየም ነበር የዋሸሁት። በማግሥቱ ጀበናው ውስጥ ጨው መጨመር ቀረ። ረከቦቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ዕቃ ተቀመጠ፤ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ስኳር። እስኪሞቱ ድረስ ስኳሩ ሲያልቅ ልጅ ጠርተው ሱቅ የሚልኩት እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓመት ቀድሜ ብናገር ኖሮ አንድ ዓመት ቀድሜ ልጃቸው እሆን ነበር።

«ውሸታም አይለኝም?» ላልሽው መልሴ እዚህ ውስጥ አለ። ሊያዝን ይችላል፤ «ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?» ሊልሽ ይችላል፤ ይገባዋልም። ያን ጊዜ «አንተ እኮ አልጠየቅኸኝም» ብለሽ አትከላከዪ። «እንዳታዝንብኝ ፈርቼ ነው፤ ፍርሃቱ የእኔ ነው» በይው። እውነት ስለሆነ ይሰማል። ይህን በቴሌግራም እንዳትጽፊለት አደራ። ጽሑፍ ፊት የለውም፤ አንቺ በፍቅር የጻፍሽውን እሱ በሥራ መሀል፣ የማሽን ጩኸት ውስጥ ቆሞ እንደ ወቀሳ ሊያነበው ይችላል። ሥጋ ቤትም አይሁን፤ እዚያ ጓደኞቹ አሉ።

ያልሁሽን የጀበና ቡና ጋብዢው። ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አትዘርግፊበት፤ ዓመት የተጠራቀመ ነገር በአንድ ስኒ ቡና ቢወርድበት ሰው ይደነግጣል። ከሥጋው ጀምሪ፤ እሱ ቀላሉ ነው። «ጾሙ ሊፈታ ነው፤ ከመፈታቱ በፊት ልነግርህ የምፈልገው ነገር አለ። እኔ ቁርጥ አልወድም። መጀመሪያ ቀን አዎ ያልሁህ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለስ አቃተኝ። ከአንተ ጋር መውጣቱን ግን እወደዋለሁ» በይው። በዚሁ አቁሚ። ዝምታውን አንቺ አትሙዪው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ጊዜ አለ። ከዚያ መልሱን ካየሽ በኋላ ሙዚቃውን፣ ድራማውን፣ ሒሳቡን በሌላ ቀን፣ በሌላ ጨዋታ መሀል ታነሺዋለሽ።

ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተውዪ። «እሺ፣ ጥብስ እናዛለን» ቢል ጥሩ ነው። ቢስቅና «ታዲያ እንዴት ዋጥሽው?» ብሎ ቢጠይቅሽ የበለጠ ጥሩ ነው፤ የጠየቀ ሰው ማወቅ ይፈልጋል። ቢኮርፍ አትሸበሪ፤ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያኮርፍ ደህና ሰው ብዙ ነው፤ ተመልሶ ከመጣና ካነጋገረሽ ኩርፊያው አልፏል። የምፈራልሽ አንድ መልስ ብቻ ነው፤ «የእኔ ሚስት የምትሆን እኔ የምበላውን ትበላለች፣ የማየውን ታያለች» ካለና በሚቀጥለው ቅዳሜም ያንኑ ከደገመው። ያን ጊዜ ከአክስትሽ ጋር ተቀመጪና ሽማግሌው እንዲቆይ ንገሪያት። የሚያስፈራራ፣ የሚሳደብ ወይም እጁን የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ ምክር አትጠይቂ፤ ራቂ። ከጻፍሽው ሁሉ ግን እንዲህ ያለ ሰው አላየሁበትም።

ሽማግሌ ሲመጣ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ከዚያ አክስትሽ ወይም አባትሽ ለብቻሽ ጠርተው «ፈቅደሻል ወይ?» ይሉሻል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይናገራል። በጥሩ ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ሕጉም ሳይጻፍ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ያን ቀን «እሺ» ስትዪ፣ ሳታኝኪ የዋጥሽው ዓይነት «እሺ» እንዳይሆን ነው የምለፋው። ለሱም ቢሆን ይገባዋል። የወደደው ሰው ማን እንደሆነ አውቆ፣ ያቺኑ ሰው «እሺ» አለችኝ ብሎ ሚዜዎቹን ይጥራ።

አክስትሽን ከወዲሁ አማክሪያት። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ማታ ሆድሽን ይዘሽ ስትገቢ ዝም ብላ ያየችሽ አይመስለኝም፤ የምታውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ደብዳቤሽ ላይ ስለ እሱ የጻፍሽውን እንደገና አየሁት፤ «ያከብረኛል» ብለሽ ጽፈሻል። እንግዲያው የሚያከብረውን ሰው አሳይው። ጾሙ ሳይፈታ ንገሪው፤ የፋሲካ ማግሥት ሥጋ ቤቱ ሲከፈትና «ምን ይምጣ?» ሲልሽ ምን እንዳዘዝሽ ጻፊልኝ።